አዳም የሚባለው ማነው?

ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ ያስገቡኝ ክፍል መስኮት የለውም። ጥጉ ላይ ያለው የውሃ መውረጃ ተደፍኖ ወለሉን ውሃ ሞልቶታል። ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ተነክሬ ስቆም፣ ጤና አዳሜም እንዲህ ሆኖ ነው የሞተው አልኩ በሆዴ።

ሮቫ ዳሌት በሚባለው ሰፈራችን፣ ከሕንጻችን ሥር የምተክለው ጤና አዳም ክረምት በመጣ ቁጥር ሥሩ ይበሰብሳል። አፈሩ ውሃ አያሳልፍም። ከሥሩ ጠጠር ላነጥፍለት ብዬ ከረጢት ሙሉ ለቅሜ ስመለስ ሐፍጋና ላይ ደረስኩ። በፖሊስ ጥይት ለሞተ አንድ የኛ የሐበሻ ልጅ የወጣ ሰልፍ ነው፤ አይቶ ማለፍ አልሆነልኝም። ገባሁ፣ ድንጋዬን እንደተሸከምኩ። ብልህ ሰው ነኝ።

መርማሪው ከረጢቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው።

"ለማን ነው?"

የተክሉን ስም በዕብራይስጥ ባላውቀው፣ ቃል በቃል ገለበጥኩት፦ "ለአዳም ጤና።"

"አዳም የሚባለው ማነው? የት ነው የሚኖረው?"

"ከሕንጻው ሥር።"

ተክል ነው ብለው፣ ብምል፣ ማን ይመነኝ።

ክፍሉ ውስጥ አንድ ወጣት አብሮኝ ነበር፤ ከሠራዊት ከወጣ ብዙም አልቆየም። ግራ ዓይኑ አብጦ ተደፍኗል። አግዳሚዋን ለቀቀልኝ። "ጋሼ፣ እርስዎ ይቀመጡ።"

መርማሪው ደግሞ ጠራኝ። አሁን ሻይ አቀረበልኝ።

"አዳም ያ አብሮህ ያለው ነው፣ አይደል? ድንጋዩን እሱ ነው ያስያዘኝ በልና ቤትህ ግባ።"

የስኳር መድኃኒቴ ቤት ነው፤ ሰዓቱም አልፏል። ሻዩን ገፋ አደረግኩት።

"ድንጋዩ የኔ ነው። ስወጣ መልሱልኝ፣ ሥራ አለው።"

ወደ ክፍሉ ስመለስ፣ "ምን አሉዎት?" አለኝ ወጣቱ።

"አዳም አንተ ነህ አሉኝ።"

"እርስዎስ?"

"ሔዋን እንኳ የለችውም አልኳቸው።"

የተሰነጠቀ ከንፈሩን በእጁ ደግፎ ሳቀ። ተንበረከክኩና እጄን መውረጃው ውስጥ ከተትኩ። ጨርቅና ፀጉር ነበር የደፈነው። ውሃው እየተንቆረቆረ ወረደ። ትንሽ ደረቅ ቦታ ስትወጣ፣ "እዚህ ተኛ" አልኩት።

እኔን ለቀቁኝ፤ እሱ ቆየ። ዓይኑ አልዳነም።

በኋላ አንድ ችግኝ ሻጭ፣ ከሥር ጠጠር ማንጠፍ ምንም አይጠቅም፣ ውሃው ከጠጠሩ በላይ ይቆማል አለኝ። ሻካራ አሸዋና ብስባሽ ከአፈሩ ጋር መደባለቅ፣ መደቡንም ከፍ ማድረግ ነው፤ እንዳለኝ አድርጌ እንደገና ተከልኩ። ለማይረባ ጠጠር ነው የታሰርኩት፤ እሱንም አልመለሱልኝም።

ያ ወጣት ከተፈታ ወዲህ፣ ዓርብ ዓርብ በሰንበት ጸሎት ጊዜ የሚያሸተውን ቅጠል ሊወስድ ይመጣል።

"አዳም እንዴት ነው፣ ጋሼ?"

"ቆሟል" እለዋለሁ። ዘለላውን ቆርጬ በቀኙ በኩል ዞሬ እሰጠዋለሁ፤ በዚያ በኩል ነው የሚያየው።