ከበሮው ወደ ኮሪደር የወጣበት እሁድ

ለተሚካኤል ሃብተማርያም በአስመራ የሩቅ መስመር ስልክ አገናኝ ነበረች። ቀኑን ሙሉ ከአፏ የማይጠፋው ቃል «ቀስ ብለው ይናገሩ፣ አይጩኹ» ነው። ምጽዋ ሩቅ ናት ብሎ ሰው ሁሉ እየጮኸ ይነጋገራል። ጩኸቱ ግን መስመሩ ውስጥ ሲገባ ይሰነጣጠቅና ወዲያ ማዶ የሚደርሰው ፍርፋሪው ነው። ከንፈሩን ወደ ማነጋገሪያው አስጠግቶ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው በአንጻሩ አጠገብ የተቀመጠ ያህል ይሰማል። ለተሚካኤል ይህን ስምንት ዓመት በጆሮዋ አጠናችው። ዘፈን መጻፍ ስትጀምርም የጻፈችው ሁሉ በዚያ ዝግ ባለ ድምፅ የሚዘፈን ሆነ።

በ1961 ዓ.ም. የአስመራ ዘፋኝ የሚያድገው በሰርግ ዳስ ነበር። ዳስ ውስጥ ሁለት መቶ ሰውና አንድ ከበሮ አለ፤ ያልጮኸ አይሰማም። የእሷ ዘፈኖች ግን የተወለዱት ከሰፈሯ ከቃሓውታ ወደ ሥራ በሚወስዳት አውቶቡስ ላይ ነው። አጫጭር ናቸው፤ ጊታር ይፈልጋሉ፤ አዝማቻቸውን አንዴ የሰማ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲያንጎራጉረው ይውላል። አንዱ ከዝናብ በኋላ ስለሚሸት መንገድ ነው። ሌላው በየቀኑ ፌርማታ ላይ ስለሚተያዩ፣ አንድም ቀን ሰላም ስላልተባባሉ ሁለት ሰዎች። ዘጠኙ በትግርኛ፣ አንዱ በአማርኛ፤ በጠቅላላው አሥር።

አሥር መሆናቸው ቀላል ነገር አይደለም! ያን ጊዜ አንድ የአገር ዘፋኝ ሸክላ አወጣ ሲባል ትንሹን ሸክላ ነው፦ በአንድ ገጽ አንድ ዘፈን፣ ሲገለበጥ ሌላ አንድ። አሥሩን የሚይዘውን ትልቁን ሸክላ ለማሳተም የሚደፍር ጥቂት ነበር። ሙዚቃ ቤት ያለው ንጋሲ ግጥሞቹን አንብቦ ደፈረ። ድምጿን ግን ገና አልሰማም ነበር።

ቪላጆ ጀኒዮ በሚባለው ሰፈር አንድ የቪላ ክፍል ተገኘ። ድምፅ እንዳያስተጋባ ግድግዳው በብርድ ልብስ ተሸፈነ። የተቀዳውን ቴፕ ወደ ጣሊያን የሚያደርሰው ሰው ሰኞ ጠዋት ይበራል፤ ለተሚካኤል ደግሞ እሁድ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ ትገባለች። ስለዚህ ያላቸው ያ እሁድ ብቻ ነው።

ጠዋት የመጀመሪያውን ዘፈን ከጊታሩና ከተኽለ ከበሮ ጋር ቀድተው አዳመጡት።

«ለተ» አለ ንጋሲ፣ «እኔ የሰማሁት የተኽለን ከበሮ ነው። አንቺ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ ነበርኩ፣ አያ ንጋሲ።»

«እንግዲያው ጩኺ! ሹክሹክታ የሚገዛ ሰው የለም። ካልሆነ ሁለቱን ዘፈን ትልቅ ድምፅ ላላት ሰጥቼ በትንሹ ሸክላ አወጣቸዋለሁ። አንቺ ስምንቱን ይዘሽ ወደ ስልክሽ!»

ለተሚካኤል አልደነገጠችም። ችግሩ ድምጿ ሳይሆን የሰው አቋቋም መሆኑ ገብቷታል። ክፍሉ ውስጥ ያለው አንድ ማይክሮፎንና አንድ መቅጃ ነው። ከበሮውም ጊታሩም ዘፋኟም አንድ ላይ ይገባሉ፤ አንዱ ቢሳሳት ሁሉም ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ለማይክሮፎኑ የቀረበ ነገር ይገዝፋል፣ የራቀ ያንሳል። ታዲያ ድምፅን ማሳነስ ሲያስፈልግ ባለድምፁን ማራቅ ነው፤ እንዲህ ቀላል፣ እንዲህ ደስ የሚል ዘዴ ነው!

ጠመኔ አስመጣችና ወለሉ ላይ ምልክት አደረገች። ራሷ ከማይክሮፎኑ አንድ ስንዝር ላይ ቆመች። ጊታር ተጫዋቹ ዘርአብሩክ ሦስት እርምጃ ራቀ። ለከበሮው ግን ክፍሉ አልበቃም።

«እኔን ወደ ደጅ?» አለ ሽማግሌው ተኽለ። «ሠላሳ ዓመት ሰርግ ስደልቅ ሙሽራ እንኳ ውጣ ብሎኝ አያውቅም!»

«ደጅ አይደለም አቦይ ተኽለ፣ ኮሪደር ነው» አለ መቅጃውን የሚያንቀሳቅሰው በርሄ። «ሻሂም እዚያው ይመጣልዎታል።»

«እወ፣ እንደ ጃንጥላ ኮሪደር አቁሙኝ! ደሞስ ይህቺን ልጅ እዚህ ሆኜም አልሰማትም። በምን ልከተላት?»

«በትከሻዬ» አለች ለተ።

ይህ የተኽለ ቋንቋ ነው። በጓይላ ጭፈራ ሰው ክብ ሠርቶ ዝግ ባለ እርምጃ ይዞራል። ሲሞቀው ፊት ለፊት ይተያይና ትከሻውን ያንቀሳቅሳል፤ ያኔ ከበሮው በእጥፍ ይፈጥናል። ተኽለ ትከሻ ሲነሳ ካየ እጁ ሳይጠይቀው ይታዘዛል።

በሩን ገርበብ አድርገው ትከሻዋ በሚታየው በኩል ወንበር አስቀመጡለት። ሠራ! ከበሮው ከሩቅ እንደ ልብ ትርታ ይመጣል፣ ድምጿ ከፊት። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ዘጠኝ ዘፈን አለቀ። ንጋሲ ግን በር አጠገብ እጁን አጣምሮ «አሥሩም ይለቅና እፈርዳለሁ» እያለ ቆሟል።

አሥረኛው የፌርማታው ዘፈን ነበር። ሁለት ጊዜ ጀምረው ሁለቴም የጊታሩ ክር ተበጠሰ። ሦስተኛው ላይ ለተሚካኤል ደክሟታል። የመጨረሻው አዝማች ሊመጣ ሲል ትንፋሽ ለመሳብ ትከሻዋን ከፍ አደረገች።

ተኽለ ከኮሪደር አየ። ከበሮው በእጥፍ ፈጠነ።

የበርሄ ጣት ወደ ማቆሚያው ሄደ። ለተሚካኤል «አታቁም» በሚል ራሷን ነቀነቀች፤ ጣቱ አየር ላይ ቀረ። ድምጿ እንደ ቀድሞው በእርጋታ ይሄዳል፣ ከሥሩ ከበሮው ይሮጣል። ፌርማታው ላይ የቆሙት ሁለቱ ሰዎች እንዲህ አይደሉም? አፋቸው ዝም ብሎ ልባቸው ይደልቃል። ሳትፈጥን እስከ መጨረሻዋ ቃል ዘፈነችው።

አሥራ አንድ ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው አዳመጡት። ንጋሲ መጀመሪያ በር ላይ ነበር። ቀጥሎ ጠረጴዛው ጋ ታየ። ከዚያ ወንበር ሳበ። ዘፈኑ ሲያልቅ ጆሮው ድምፅ ማውጫው ሳጥን ላይ ሊለጠፍ ምንም አልቀረውም።

«ምን ያስቃችኋል?» አለ ቀና ብሎ።

«ምንም፣ አያ ንጋሲ» አለች ለተ። «ጠዋት ጩኺ ብለውኝ ነበር። ብጮህ ኖሮ በሩ ጋ ይቀሩ ነበር።»

ንጋሲ አገጩን አሻሸ። «ይህ የመጀመሪያው ገጽ መክፈቻ ይሁን። አሥሩም እንዳሉ ይሂዱ፤ በአንቺው ድምፅ።»

«አለቀ?» የሚል ድምፅ ከኮሪደር መጣ። «መጨረሻ ላይ ተሳስቻለሁ እኮ፣ ልጆች!»

«ለማንም እንዳይናገሩ፣ አቦይ ተኽለ» አለች ለተሚካኤል ነጠላዋን እያጣፋች። «የቐንየለይ፣ እግዜር ይስጥልኝ!»

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ማዳመጫዋን አድርጋ ተቀምጣለች። አንድ የአስመራ ደንበኛ ምጽዋ ያለ ሸክላ ሻጭ ጠየቀና አገናኘችው። ወዲያው ጩኸት ተሰማ፦ «አሥር ዘፈን! ትልቁ ሸክላ! ኧረ ትልቁ!»

«ምን ትላለህ? አይሰማም!» ይላል ምጽዋ።

ለተሚካኤል መስመሩ ውስጥ ገባች። «አያ ንጋሲ፣ ቀስ ብለው ይናገሩ፣ አይጩኹ።»

ከዚያ ንጋሲ ማነጋገሪያውን ወደ ከንፈሩ አስጠግቶ፣ ምስጢር እንደሚያወራ ሰው፣ «አንዲት ዘፋኝ አግኝቻለሁ» አለ።

«አሁን ሰማሁህ» አለ ምጽዋ። «ቀጥል።»