በእርሳስ የተጻፈው ስም

ሰሞኑን አንዲት ተማሪዬ ፍኖተ ሰላም ላይ የሞከረችውን መጠይቅ ይዛልኝ መጣች። ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ፣ አስቸጋሪ ባሕርይን የሚለካ ነው። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሜ ጠየቅኋቸው» ስትለኝ የራሴ ጉድ ትዝ አለኝ።

እኔም በጉብዝናዬ እንዲህ ያለ መጠይቅ ይዤ በቡሬ ገጠር ዞሬያለሁ። ወሩ ታኅሣሥ ነበር፤ መንገዱ አቧራ፣ አገሩ ሁሉ ጭድ ጭድ ይሸታል። ትርጉሙ የሚታመን መሆኑን ለማየት ያንኑ ሰው ያንኑ ጥያቄ ሁለት ጊዜ እንጠይቃለን፤ መልሱ ከተለያየ ትርጉሙ ወደቀ ማለት ነው። ስም መጻፍ ክልክል ነው። እኔ ግን ሰዎቹ መልሰው እንዳይጠፉኝ ብዬ ስማቸውን በወረቀቱ ጥግ በእርሳስ ጻፍሁ። ሞኝ አይሙት፣ እንዲያጫውት!

አያ ታከለ የሚባሉ ገበሬ ትኩስ ቆሎ አቅርበውልኝ በደስታ መለሱ። «የበደለኝን ሰው ቂም እይዝበታለሁ» የሚለው ላይ ስንደርስ፣ ጎረቤታቸው ድንበር እንደገፋባቸው አጫወቱኝና «አዎ በል» አሉ።

በሁለተኛው ሳምንት ስመለስ የዚያው ጎረቤት የጤፍ ክምር ተቃጥሏል። ሰፈሩ ጥፋተኛውን ሊያወጣ ዋርካ ሥር ለአውጫጭኝ ተቀምጧል። አንድ ሽማግሌ በወረቀቴ ጥግ የተጻፈውን ስም አዩ።

«አንተ ልጅ፣ ታከለ ምን ብሎህ ነበር? እስቲ አንብብልን።»

ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። ዙሪያዬን የተቀመጡት ወንዶች ብዙዎቹ ጠመንጃ ይዘዋል። አያ ታከለ መሬት መሬት ያያሉ። እውነቱን ልናገር፤ እኔም ጠርጥሬያቸው ነበር።

«አባቶቼ፣ ለማንም አልናገርም ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ» አልሁ።

«የሚደበቅ ነገር አለው ማለት ነዋ!» ብሎ ባለክምሩ ቦርሳዬን ያዘ።

አንድ አረጋዊ ቄስ ተነሡ። «ተው! የንስሐ አባት የሰማውን አደባባይ ያወጣል? ይህ ልጅ ጆሮውን አዋሰ እንጂ አፉን አልሸጠም።»

ባለክምሩ እያጉረመረመ ለቀቀኝ። ከዋርካው ዞር ብዬ ስሙን በምራቅ አሽቼ አጠፋሁ።

ማታውኑ አያ ታከለን ደግሜ ጠየቅኋቸው። ቆሎ አልቀረበም። «ሁሉንም አይደለም በል፣ ልጄ» አሉኝ፤ እንዳሉኝ ጻፍሁ። እሳቱ የተነሣው የባለክምሩ ወንድም ማር ሲቆርጥ ከጣለው የሚጨስ ጭራሮ መሆኑ የታወቀው ኋላ ነው። አለቃዬ ግን ሁለቱን መልሶች አስተያይቶ «ትርጉሙ አይታመንም» አለኝ።

ይህን ሁሉ ለተማሪዬ አልነገርኋትም። የመጠይቆቹን ጥግ አንድ በአንድ ገለጥሁ። በሦስተኛው ላይ፣ በቀጭን እርሳስ፣ የሰው ስም ተጽፏል።

ላጲስ ፍለጋ መሳቢያዬን ከፈትሁ።