በስፌት ክፍሌ ያለፈው ባቡር

በልጅነቴ መቱ ውስጥ «ባቡር ቤት ሂጂ» ስባል የእህል ወፍጮውን ማለታቸው ነበር። ሰው ጭኖ በሐዲድ ላይ የሚሄደውን ባቡር እኔም ሆንኩ ባለቤቴ በሥዕልና በቴሌቪዥን እንጂ በዓይናችን አይተነው አናውቅም ነበር። ስለዚህ አንድ ክረምት ባለቤቴ የስፌት ክፍሌ ድረስ መጥቶ «ባቡር ልሠራ ነው» ሲለኝ ወፍጮ ሊተክል መስሎኝ፣ «ጩኸቱን ማን ይችለዋል?» አልኩት።

ባለቤቴ ሬዲዮና ቴፕ ጠጋኝ ነው። ሰው ሁሉ ዘፈኑን በስልክ መስማት ሲጀምር ቴፕ የሚያሠራ ጠፋ። ባለቤቶቻቸው «ተወው፣ ዕቃውን ተጠቀምበት» ብለው የተዉለት ቴፖች ሱቁ ውስጥ እስከ ጣሪያ ተከመሩ። ከሆዳቸው የሚወጣውን ትንሽ ሞተር ግን መጣል አልሆነለትም። «እነዚህ እኮ ጤነኞች ናቸው፤ የሚያዞሩት ነው ያጡት» ይል ነበር። አንድ ቀን አንዱን ሞተር በሰርዲን ጣሳ ውስጥ አሰረና አራት የጠርሙስ ክዳን አስገባለት። ጣሳው እያጉረመረመ ጨርቅ የምቆርጥበትን ጠረጴዛ ከዳር እስከ ዳር አቋርጦ መሬት ላይ ወደቀ። ስቄ ልሞት ነበር። እሱ አልሳቀም። አነሳውና እንደገና ለቀቀው።

ሐዲዱን ያገኘው ከጃንጥላ ነው። በእኛ አገር ዝናብ የተሰበረ ጃንጥላ የሌለበት ቤት የለም። ባለቤቴ ዘንጎቹን እየነቀለ አቃና፣ ጫፍ ለጫፍ በየዳቸው፣ በተሰነጠቀ ቀርከሃ ላይም ጎን ለጎን አሰራቸው። ሁለት ቀጭን ብረት በክፍሌ ወለል ላይ ተዘረጋ።

የመዶሻውን ድምፅ ሰምተው የመጡት ጎረቤታችን ናቸው፤ አልጋና ወንበር የሚሠሩ፣ በዕድሜ የሚበልጡን፣ ጋሼ የምንላቸው አናጢ። በሩ ላይ ቆመው ጣሳው ሲመላለስ ብዙ አዩት።

«ይሄ ነገር መሬት ላይ አያምርበትም፤ ጠረጴዛ ይፈልጋል» አሉ።

በሚቀጥለው እሑድ ክፍሉን ሊሞላ ትንሽ የቀረው የዋንዛ ጠረጴዛ አስገቡ። የስፌት መኪናዬ ወደ በረንዳ ወጣች። ተቆጣሁ። «ማሎ፣ ኢንታላ ኮ» ብለው ለመኑኝ፤ እባክሽ ልጄ ማለታቸው ነው። «ክረምቱ እስኪያልፍ ብቻ።» ከዚያ ወዲህ ስንት ክረምት አለፈ፤ መኪናዬ አሁንም በረንዳ ላይ ናት።

ሁለቱ መጀመሪያ የተጣሉት ባቡሩ ወዴት ይሂድ በሚለው ነው። ባለቤቴ ዝም ብሎ ክብ እንዲዞር ፈለገ። ጋሼ «ባቡር የሚሄድበት አገር ከሌለው ምኑን ባቡር ሆነ?» አሉ። ከመቱ ተነሥቶ በጎሬ በኩል ቡሬ እንዲደርስ፣ በሌላው አቅጣጫ ደግሞ ኡካ እንዲገባ ተስማሙ፤ ሁሉም የአካባቢያችን ከተሞች ናቸው። ይሄኔ ጋሼ ጠረጴዛው ጥግ ላይ በእርሳስ አንድ ነጥብ አደረጉ።

«ዳሪሙም ይሄዳል።»

«ጋሼ፣ እዚያ ጋ መታጠፊያው በጣም ይጠባል። ባቡሩ ይወድቃል» አለ ባለቤቴ።

ጋሼ ትውልዳቸው ዳሪሙ ነው። የዚያን ዕለት ሚስማራቸውን አስቀምጠው ነገሩን። እናታቸው ታመው፣ እሳቸውና የመንደሩ ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመዋቸው በእግር መንገድ ወደ መቱ ሲመጡ ነበር። ጭቃ ነው፤ ተሸካሚው እየተንሸራተተ በየጥቂቱ ይቀያየራል። እናታቸው ከቃሬዛው ላይ ሆነው «ደከማችሁ፣ አውርዱኝና ትንሽ እረፉ» ይሉ ነበር። ከተማ ገብተው ዳኑ፤ ከዚያ በኋላም ብዙ ዘመን ኖሩ። «ግን ያ ‹አውርዱኝ› የሚለው ቃል ከጆሮዬ አልወጣም» አሉ ጋሼ። ከዚያ በኋላ ስለ ዳሪሙ የተከራከረ የለም።

እኔም የገባሁበት ያኔ ነው። ጠረጴዛው ራቁቱን ሲሆን አስጠላኝ። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ቀድጄ በዱቄት ሙጫ አራስኩትና ተራራ ሠራሁ። ሲደርቅ ከግቢያችን አጥር ላይ የበቀለውን አረንጓዴ የዛፍ ሽበት እየፋቅሁ፣ የደረቀ የቡና ጭራሮ እየተከልኩ ጫካ አለበስኩት። አንድ ቀን ከሥራዬ ቀና ስል ባለቤቴና ጋሼ ሥራቸውን አቁመው ያዩኛል። «ያ ዋቃ!» ብለው ፈጣሪን ጠሩ ጋሼ። «አገሩ እኮ መጣ።» ከዚያ ወዲያ ስለ ስፌት መኪናዬ አላነሣሁም።

ባቡሩ ግን ዳሪሙ አልደርስ አለ። እንደተፈራው መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ይንገዳገድና ከኋላው የቀጠልንለትን ፉርጎዎች አስከትሎ ወደ ገደሉ ይወርዳል። ጎማዎቹን የሚቀርጹት ጋሼ ናቸው፤ የአልጋ እግር በሚያወጡበት ቶርኖ፣ ከወይራ። ጎማው እንዳይንሸራተት በውጭ በኩል ከንፈር አወጡለት፤ እንደ ድስት ክዳን ሐዲዱን ከውጭ እንዲያቅፍ። ወደቀ። ከንፈሩን አስረዘሙት። ወደቀ። ፍጥነቱን ቀነሱ፤ ቀስ ብሎ ወደቀ።

«መሪ የለውማ!» አሉ ጋሼ አንድ ቀን ተናደው። «ያለ መሪ ምን ይታጠፋል?»

«ባቡር መሪ የለውም፣ ጋሼ።»

«አይተህ ታውቃለህ?»

ሦስታችንም አላየንም።

አዲስ አበባ ላይ የከተማው ባቡር መሄድ ጀምሮ ነበር። እዚያ የሚኖረውን ልጃችንን ለመጠየቅ መሄዳችን ስለማይቀር፣ ጋሼን ይዘን በአውቶቡስ ተነሣን። እንደደረስን ጋሼ መቀመጥ እንኳ አልፈለጉም። ልጃችን መጀመሪያ ለገሃር፣ የድሮው ባቡር ጣቢያ ወሰደን። ከአጥሩ ወዲያ ሥራ ያቆሙ ፉርጎዎች ቆመዋል። ጋሼ ለዘበኛው ከኢሉባቦር የመጡ መሆናቸውን፣ ባቡር እየሠሩ መሆናቸውንም በኩራት ነገሩት። ዘበኛው አየን፤ ቀልድ መስሎት ነበር። ጋሼ ከኪሳቸው የወይራ ጎማ አውጥተው መዳፉ ላይ ሲያስቀምጡለት ግን በሩን ከፈተልን።

የፉርጎው ጎማ እስከ ወገቤ ይደርሳል። ያን ያህል ብረት በአንድ ላይ አይቼ አላውቅም። ጋሼ ኮፍያቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ ተንበረከኩና እጃቸውን በፉርጎው ሥር ሰደዱ። ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ።

«ከንፈሩ በውስጥ ነው» አሉ።

ባለቤቴም ተንበረከከ። ጋሼ እጁን ይዘው ጎማው ላይ አስኬዱት። «ዳስሰው። ጠፍጣፋ አይደለም፤ ወደ ውጭ ዝቅ ይላል። ሁለቱም ጎማ ከዘንጉ ጋር አንድ አካል ነው፤ ለየብቻ አይዞርም።» ከዚያ ወደ ዘበኛው ቀና አሉ። «ሾፌሩ በምንድን ነው የሚጠመዝዘው?»

«አይጠመዝዘውም አባቴ» አለ ዘበኛው። «ሐዲዱ ነው የሚወስደው።»

ከዚያ በከተማው ባቡር ተሳፈርን። ከሕንፃዎቹ መካከል ከፍ ብለን ስንሄድ፣ የመኪናው መንገድ ከሥራችን ሲርቅ፣ የባለቤቴን ክንድ ጨብጬ ነበር። ሰዉ ስልኩን ይነካካል፤ ያንቀላፋል። እኛ ሦስታችን ብቻ ቤተ ክርስቲያን እንደገባ ሰው ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እንነጋገራለን። ባቡሩ ሲታጠፍ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲገልጡ፣ «አልተንገዳገደም» አሉኝ በጆሮዬ።

መቱ ስንመለስ ቶርኖው ቀኑን ሙሉ ሲጮኽ ዋለ። ጋሼ ከንፈሩ በውስጥ የሆነ፣ ፊቱ ወደ ውጭ ዝቅ ያለ ጎማ ቀረጹ፤ ሁለት ሁለቱን በአንድ ዘንግ ላይ አጣበቁ። ሥራው እንዳለቀ መብራት ስለጠፋ ሞተሩን መሞከር አልተቻለም። ጋሼ ግን መጠበቅ አልቻሉም፤ አንዱን ፉርጎ ብቻ አንሥተው ከመታጠፊያው በላይ ካለው ቁልቁለት ላይ ለቀቁት።

ፉርጎው ወረደ። መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ወደ ውጭ ሊሄድ አለና፣ ማንም ሳይነካው፣ ራሱን ወደ መሐል መለሰ። እንደገና ትንሽ ወጣ አለና እንደገና ተመለሰ። ጫካዬን ዞረና ዳሪሙ ላይ ቆመ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ያንጎዳጉዳል። ሁለት እንጨት በአንድ ዘንግ ላይ ሲጣበቅና ፊቱ ትንሽ ዝቅ ሲል መንገዱን ያውቃል! ማን አሰበው? የትኛው ሰው መጀመሪያ አየው? ባለቤቴ ፉርጎውን አንሥቶ ገለባበጠውና እንደ እንቁላል ቀስ አድርጎ መልሶ አስቀመጠው። ጋሼ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

መብራት በመጣ በሳምንቱ የጋሼ ታላቅ እህት ለገበያ ከዳሪሙ መጡ። በእግራቸው ነው የመጡት። እትዬ ቅርጫታቸውን በረንዳ ላይ አውርደው ገቡ። ባለቤቴ ባቡሩን ሲያስነሣው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ፤ ወዲያው ደግሞ ጠረጴዛውን ተከትለው ከባቡሩ እኩል መራመድ ጀመሩ። ተራራውን ሲዞር ይዞራሉ፣ ሲዘገይ ይዘገያሉ። ጥጉ ላይ ሲቆም ቆሙና ወንድማቸውን አዩዋቸው።

«ጌኜ?» አሉ። ደረስን ወይ ማለታቸው ነው።

ጋሼ ወደ ባቡሩ ጎንበስ አሉ። «ደርሰዋል፣ እትዬ» አልኩ እኔ።

ከዚያ በኋላ ወሬው ተሰማና ክፍሌ ሰው አላጣም። አንድ ጫማ ሰፊ የቆዳ ወንበር ለፉርጎው ሠራ። የመንጃ ፈቃድ ፎቶ የሚያነሣው ጎረቤት የጣቢያዎቹን ስም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ጻፈልን። ባለቤቴ ከአሮጌ ቴፖች ባወጣው ቀይና አረንጓዴ መብራት ባቡሩን ማቆምና ማስነሣት ለመደ።

አሁን የሶር ወንዝን የሚሻገር ድልድይ ላይ ነን። መጀመሪያ የሠራነው በቀርከሃ ነበር፤ ከነባቡሩ ተደረመሰ። ሁለተኛውን ጋሼ እንደ ጣሪያ ማገር በሦስት ማዕዘን አያያዙት። ባለፈው እሑድ ባቡሩን ከማሳለፋችን በፊት ድልድዩ መሐል ላይ አንድ ኪሎ ስኳር አስቀመጥን። ዝም አለ። ሌላ ኪሎ ጨመርን። ባለቤቴ ጎንበስ ብሎ ከሥር ያያል።

«ጎበጠ?» አሉ ጋሼ።

«ምንም አላለም።»

«እንግዲያውስ ጨምር።»

ወደ ጓዳ ሄጄ የጨው ጆንያውን አቅፌ መጣሁ።