የቅሬው አግዳሚዎች

ጦርነቱ ከመርሳ አልፎ ከተሰደድንበት ስንመለስ ትምህርት ቤታችን ግድግዳና ጣሪያ ብቻ ሆኖ ጠበቀን። ዴስኩ በሙሉ ማገዶ ሆኗል፤ ጥቁር ሰሌዳው እንኳ አልተረፈም። አራተኛ ክፍል ነበር የማስተምረው። ባዶው ክፍል መሃል ቆሜ ማንን እንደምረግም ጠፋኝ።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል፤ ዲሬክተሩ ሄዶ ቅሬውን ለመነ። ሌላው አገር እድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን፤ ሰው ሲሞት ድንኳን የሚተክለው፣ መቀመጫ የሚያመጣው እሱ ነው። ሰዎቹ ሳያስጨንቁን ረጃጅም አግዳሚዎቻቸውን ተሸክመው አመጡልን። እኔም እሰይ ብዬ እንደ ድሮው ከፊት ወደ ኋላ ደረደርኳቸው።

ልጆቹ ገብተው ተቀመጡ፤ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም። መጀመሪያ ጨዋነት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለካ ለቅሶ ቤት እንደሚቀመጡት ነው የተቀመጡት። በዚያ ሰሞን እነዚህ አግዳሚዎች ላይ ያልተቀመጠ ልጅ ከየት ይገኛል?

አንዲት ልጅ ግን በሩ ላይ ቆማ ቀረች። አባቷ ሾፌር ነው፤ ውጊያው ሲቃረብ እህል ጭኖ ወደ ወልድያ እንደወጣ ወሬው የለም። እናቷ ጥቁር አልለበሰችም፣ ድንኳንም አላስተከለችም፤ ይመጣል ነው የምትለው። ልጅቷን ተቀመጪ አልኳት። ደገምኩላት። እኔ ደግሞ ቁጣዬ ቅርብ ነው፣ ጮህኩባት። ቀና ብላ አየችኝ።

«ቲቸር፣ አባቴ ሳይሞት ለቅሶ አልቀመጥም» አለች።

ደብተሯን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ ልትወጣ ዞረች። አሁን ከወጣች እንደማትመለስ አውቄዋለሁ፤ በዚያ ዓመት ከትምህርት የወጣ ልጅ ሁሉ መች ተመለሰ። ልጆቹን አስነሳሁና ተጋግዘን አግዳሚዎቹን ጥግ ላይ ደራረብናቸው፤ ያኔ ልጅቷ ገባች።

ከዚያ በኋላማ ቁጭ ብሎ መማር ቀረ። ወለሉን ሰሌዳ አደረግነው። ከውርጌሳ እስከ ወልድያ ያለውን መንገድ በከሰል ሳልኩላቸው፤ አንዱ ውርጌሳ ሆኖ ይቆማል፣ አንዷ መርሳ፣ ግራና የምትባለውን ከተማ የሆነው ከመንገዱ ወጣ ይላል፣ የቀሩት መኪና ሆነው ኪሎ ሜትሩን እየደመሩ ይመላለሳሉ። ክፍልፋይ ስንማር በአራት በአራት ሆነው ይከፈላሉ፣ መልሰው ይቀላቀላሉ። የደከመው ከውጭ ባስገባነው ድንጋይ ላይ ያርፋል። ዲሬክተሩ ጫጫታውን ሰምቶ መጣና ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ብሎ ተረተብኝ። ትልቅ ሰው ያቦካውንም አየነው አልኩት።

ልጅቷ ሁልጊዜ የምትቆመው ወልድያ ላይ ነው። ቦታዋን ማንም አይነካባትም። ከመርሳ የመጣላትን መኪና ሁሉ እጇን ዘርግታ ትቀበላለች፣ እየሳቀችም ጭምር። እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ፤ ልጅ ፊት አይለቀስም።

አንድ ጠዋት የቅሬው ሰዎች አግዳሚዎቹን ሊወስዱ መጡ። የማን ለቅሶ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። አንገታቸውን ደፍተው ከጥጉ ማውረድ ጀመሩ። ዞር ብዬ ልጆቹን ሳይ ወልድያ ላይ የቆመ አልነበረም። መርዶው ጎህ ሳይቀድ ተነግሯል።

ልጆቹ ማንም ሳያዛቸው አግዳሚዎቹን ከሰዎቹ ጋር ተሸክመው ወጡ። እኔ ለቅሶ ቤቱ ዘግይቼ ደረስኩ። ልጅቷን ጥቁር ሻሽ አስረው ከእናቷ ጎን አስቀምጠዋታል፤ ፊቷ አብጧል። ድንኳኑ ውስጥ እንደቆምኩ ቀረሁ። እሷ ግን አየችኝና ወደ እናቷ ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ።

«ቲቸር፣ አሁን ይቀመጡ» አለችኝ።