ስምንት ወር ወይስ ስድስት

ኒካሬቴ ሄና ሐይቅ ዳር ለሚመጣው ተሳላሚ የአበባ ጉንጉን እየሸጠች፣ ታሪኩን እያወራች ሠላሳ ዓመት ኖራለች። ታሪኩ አንድ ነው፤ የእህል አምላክ የዲሜጥር ልጅ እዚሁ አበባ ስትለቅም የሙታን ንጉሥ ጠለፋት። እናቲቱ ተቆጥታ አገሩን በራብ ስትፈጀው አማልክቱ ገብተው አስታረቁ።

የሚለያየው ዕርቁ ላይ ነው። ለግሪክ አድማጭ ልጂቱ አራት ወር ከባሏ፣ ስምንት ወር ከእናቷ ትኖራለች። ለሮማዊ ግን እናቲቱ ሴሬስ ትባላለች፣ ዓመቱም እኩል ይከፈላል፣ ስድስት ስድስት። ኒካሬቴ የምትወስነው እግር አይታ ነው። ሮማውያን የሚጫሙትን ድፍን ጫማ ካየች ስድስት ትላለች።

አሁን ዐይኗ ፈዝዟል፣ ወገቧም እምቢ ብሏል። አበባውን ትጎነጉንላት የነበረችው ልጇ ፊሊስታ ሮማዊ እህል ነጋዴ አግብታ ወደቡ ከተማ ካታና ወርዳለች። ባልና ሚስቱ ሊጠይቋት የመጡ ዕለት ኒካሬቴ ከበርጩማዋ እንኳ አልተነሳችም።

"ልጄ ከእኔ ጋር ስምንት ወር ትቀመጥ" አለችው አማቿን ኑሜሪዩስን። "በብርዱ አራት ወር ትወስዳታለህ። እኔ ብቻዬን አልቻልኩም። ደግሞ የአማልክት ሕግ ነው።"

"የትኞቹ አማልክት፣ እማማ?" አለ ድፍን ጫማውን እየፈታ። "በሠርጋችን ዕለት እርስዎ ራስዎ ቆመው ስድስት ወር አላሉም? አባቴ እስካሁን ያወራዋል።"

እውነትም ብላለች። የባል ወገን ደስ ይበለው ብላ፣ ያውም ወይን ቀማምሳ፣ ስድስቱን አሳምራ ነበር የተረከችው።

"እሱ ለእንግዳ የሚባለው ነው።"

"እኔስ ምንድን ነኝ?"

"አንተማ ጠላፊው ነህ።"

ፊሊስታ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

"ይሁን" አለች ኒካሬቴ በረጅሙ ተንፍሳ። "መከራከሪያ ጉልበት የለኝም። አባትህ ፊት ያልኩት ይጽና ነው የምትለው?"

"ይጽና እንጂ።"

"እንግዲያው ስድስት ወር። ከዛሬ ይቆጠራል። ፊሊስታ፣ ጓዝሽን አስገቢ።"

ኑሜሪዩስ ሚስቱን ያመጣት ለዐሥር ቀን ነበር።

ከዚያ ወዲህ ኒካሬቴ ለማንም ስድስት ነው የምትለው፣ እግርም አታይም። ግሪኮቹ "ሁለት ወር በላሽብን" እያሉ ያጉረመርማሉ።

"ደክሞኛል" ትላቸዋለች፣ ልጇ የጎነጎነችውን አበባ እያቀበለች። "ካታና ውረዱና ከአማቼ ጋር ተከራከሩ።"