ከቀዩ መስመር በላይ

ደብረ ታቦር ውስጥ የማስተምርበት የግል ትምህርት ቤት ትምህርት ቤት አይደለም፤ ቤተሰብ ነው። ይህን የሚለን ርዕሰ መምህራችን ነው፣ በየስብሰባው። ቤተሰቡ ጠዋት ጠዋት መዝገብ ላይ ይፈርማል፤ ልክ አንድ ሰዓት ተኩል ሲሆን አባወራው በቀይ እስክሪብቶ ያሰምርበታል። ከመስመሩ በታች የፈረመ በስብሰባ ስሙ ይነሳል። ማን ክፍል ገብቶ ምን እንዳስተማረ ግን ጠይቆ አያውቅም፤ በቤተሰብ መካከል እንዲህ ያለ መጠራጠር ነውር ነው መሰለኝ።

እኔ ኪዳን አድርሼ፣ በዚያ ብርድ እየሮጥሁ፣ ሦስት ዓመት ሙሉ ከመስመሩ በታች ወርጄ አላውቅም።

የአባቴ ሙት ዓመት ሲደርስ ርዕሰ መምህሩን የአምስት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁት። አገሬ ባሌ ነው፤ መንገዱ ብቻ ደርሶ መልስ አራት ቀን ይፈጃል።

«ቤተሰብ ከቤቱ ወዴት ይሄዳል?» አለኝ ፈገግ ብሎ። «ጸሎቱን እዚሁ አድርሺ። እግዜር ያለው ባሌ ብቻ ነው እንዴ?»

ሥነ መለኮት ማጥናቱን አላውቅም ነበር።

በእረፍት ሰዓት አንገቴን ደፍቼ ስቀመጥ አንጋፋው የሒሳብ መምህር ምን እንደሆንሁ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው።

«ሂጂ» አሉ። «ክፍልሽን በየተራ እንይዝልሻለን።»

«ቢያባርረኝስ ጋሼ?»

«መሄድሽን በምን ያውቃል? እሱ መች አንቺን ያያል፤ መዝገቡን እንጂ።»

ሄድሁ። ፍትሐቱን ሰማሁ፣ ከእናቴ ጋር ነዳያን አበላሁ፣ ተመለስሁ።

ሰኞ ስብሰባ ነበር። ርዕሰ መምህሩ መዝገቡን ከፍ አድርጎ ያዘ።

«ከእሷ ተማሩ» አለ ወደ እኔ እያመለከተ። «ባለፈው ሳምንት አምስቱንም ቀን ከሁላችሁ ቀድማ ፈርማለች።»

አየሁት። አምስት ፊርማ፣ ሦስት ዓይነት የእጅ ጽሕፈት። አንደኛው ከእኔው ያምራል። የሒሳቡ መምህር ጣሪያውን ይቆጥራሉ፤ የእንግሊዝኛዋ መምህርት በነጠላዋ አፏን ይዛለች። እውነቱን ልናገር ብድግ አልሁ፤ ብናገር ግን የሚባረሩት እነሱ ናቸው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ተቀመጥሁ። ተጨበጨበልኝ።

ለንስሐ አባቴ ግን ተናዘዝሁ።

«ውሸቱን ማን ፈረመው?» አሉኝ።

«ቤተሰቦቼ፣ አባ።»

አርባ ስግደት አዘዙኝ።

ሃያውን እንደሰገድሁ የሒሳቡ መምህር ወገባቸውን አሟቸው እንደማይመጡ ላኩብኝ። በዚያ ጠዋት ከሁሉም ቀድሜ ደርሼ ሁለት ቦታ ፈረምሁ።