«ከዓይን ያውጣት» ብላ ነበር

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርሁትም። ስንት ጊዜ ንስሐ ገብቻለሁ፤ ጎረቤት አማሁ፣ ጾም ገደፍሁ እያልሁ ትንንሹን ዘርዝሬ ትልቁን ይዤው እመለሳለሁ። ትምህርቴን ያቆምሁት አራተኛ ክፍል ነው፤ ጽሕፈቴን ታገሡኝ። በአፌ ልናገረው ግን አልቻልሁም።

የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ጊዜው ሴቶች አንድ ለአምስት ተደራጁ እየተባልን የምንሰበሰብበት ነበር። ልጄ ትርንጎ ያኔ አምስት ዓመቷ ነበር። ከእርሷ በፊት አንዲት ልጅ ከስታ ከስታ ሞታብኛለች። ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም፤ ትርንጎን ለምን እንዲያ እንዳበላኋት እንድታውቁት ነው። ጠዋት ገንፎ በቅቤ፣ ምሳ ዕቃዋ ውስጥ ብስኩት፣ ከጎኑ ለስላሳ፣ ስትመለስ ስኳር የበዛበት ሻይ በዳቦ። «ጠገብሁ» ስትለኝ «ለእናትሽ ስትይ» እያልሁ አጎርሳታለሁ። መዋለ ሕፃናቱ ለእግር ቅርብ ነው፤ እኔ ግን በባጃጅ አመላልሳታለሁ። ከልጆች ጋር ስትሮጥ ካየኋት ጠርቼ ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጣታለሁ። ላቧ ሲወርድ ሥጋዋ የሚፈስ ይመስለኝ ነበር።

ሰው መንገድ ላይ ሲያገኘን «ተመችቷታል! ከዓይን ያውጣት!» ይላል። ይህን ለመስማት ብዬ ዞሬ በገበያው በኩል የምሄድበት ቀን ነበር። ለልጄ ነበር የማበላው ወይስ ለሰው ዓይን?

መምህርቷ ከሌላ አገር የመጣች ልጅ እግር ናት። ስሟን አልጽፈውም፤ አንዴ አጥፍቼዋለሁ። አንድ ቀን ትርንጎን ልወስድ ስሄድ ለብቻዬ ጠራችኝ።

«እትዬ፣ አይቆጡኝና፣ ትርንጎ፣ ከዓይን ያውጣት፣ ክብደቷ በዝቷል። ሁለት ደረጃ ወጥታ ታለከልካለች። ለስላሳውን ይተዉላት፤ በእግሯ ትምጣ፤ ከልጆች ጋር ትጫወት። ጤና ጣቢያም ቢያሳዩዋት።»

«አንቺ የራስሽን ወልደሽ አክሺ!» አልኋት።

ተቆጥቼ ነበር? አይደለም፤ ፈርቼ ነበር። ስታለከልክ እኔም አይቻታለሁ።

በሳምንቱ ትርንጎን ትኩሳት ያዛት። ጉንፋን ነው። ጉንፋን መሆኑን አውቃለሁ፤ እኔንም ይዞኝ ነበር። ሊጠይቁን የመጡት ጎረቤቶቼ «ምን አገኛት?» ሲሉኝ፣ «እኔ እንጃ፤ መምህርቷ ወፍራለች ብላኝ ነበር» አልሁ።

አንዷ ስኒዋን አስቀመጠች። «ከዓይን ያውጣት ብላለች?»

በእኛ ዘንድ የልጅ መወፈር ያለዚህ ቃል አይነሣም። ያለዚህ ቃል ያነሣ ሰው ዓይኑ ይጠረጠራል። ሁሉም አፍ አፌን ያዩኛል።

«አላለችም» አልሁ።

ያደረግሁት ይኸው ነው። አንድ ቃል። ቡዳ ናት አላልሁም፤ «ድሮስ ዘሯን ማን ያውቃል?» ብለው ያን የጨረሱት እነርሱ ናቸው። እኔ አላልሁም፣ እኔ አላልሁም እያልሁ ስንት ዘመን ራሴን ሸነገልሁ! ታዲያ እሳቱን የጫረው ማን ነው? እኔ ነኝ።

ሦስት እናቶች ልጆቻቸውን አስወጡ። ሌላዋ እናት በር ላይ ስትደርስ የልጇን ፊት በነጠላዋ መሸፈን ጀመረች። መምህርቷም ጠዋት ልጆቹን የምትቀበለው ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ሆነ። ዓመቱ ሳያልቅ ሻንጣዋን ይዛ የቡሬ መኪና ስትጠብቅ በባጃጅ አለፍናት። ትርንጎ «ቲቸር!» ብላ እጇን አወዛወዘችላት። ቀና አላለችም። ልጄን ማየት ፈርታ ነው።

አሁን ትርንጎ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ዳገት አትወጣም። ሰሞኑን ሐኪም ደሟን አይቶ ስኳሯ ከፍ ማለት ጀምሯል አለን። «ክብደቷ በዝቷል፤ ለስላሳ ይቅርባት፤ በእግሯ ትሂድ» አለ። ከዓይን ያውጣት አላለም። እኔም አልጠበቅሁበትም።

ከሐኪም ቤት ስንወጣ ትርንጎ ክንዴን ይዛ ቆመች፤ ትንፋሿ እስኪመለስ።

«እማ፣ ትንሽ ሳለሁ ማንም አልነገረሽም?»

«ማንም» አልኋት።

መምህርቷን ሁለተኛ ካድኋት። የፊተኛው ሲገርመኝ! ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ በተነፈሰች ቁጥር እቆጥራለሁ።

ሞት ያስፈራኝ እናት ነኝ ብዬ ላመካኝ እችላለሁ። ነበርሁም። ግን ያ ፍርሃት አብዝቼ አጎረሰኝ እንጂ ዋሺ አላለኝም። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ ይቅርታው የእናንተ አይደለም። ከይቅርታው ባለቤቶች አንዷ፣ መምህርቷ፣ የት እንደምትኖር አላውቅም። ሌላዋ ግን እዚሁ ጓዳ ተኝታለች፤ ከእኔ ይልቅ ንባብ ትችላለች። ይህን የጻፍሁት በእርሷ ደብተር ጀርባ ነው።

ትርንጎ፣ ተነግሮኝ ነበር። ከዓይን ያውጣትም ብላ ነበር። በዚህ ጆሮዬ ሰምቻታለሁ።